የጉድጓዱ ባለቤት

ሰው በሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ ቆሞ ሲመርቅ እናኑ አይታ አታውቅም ነበር። ያን ማክሰኞ ማለዳ ግን የጓዳዋን መስኮት ገርበብ ብታደርግ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አያ ዳኛው ከጓሮ፣ ከሲሚንቶው ክዳን ላይ እግሩን አንፈራጦ ቆሟል። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ «ይኸን ቤት የሠራ እጁ ይለምልም፤ ይኸን ጉድጓድ የማሰ ክንዱ አይዛል» ይላል። ቤቱን የሠራውም ጉድጓዱን የማሰውም ጣሊያን ነው። አያ ዳኛው ደግሞ ጠጅ በቀመሰ ቁጥር ጣሊያንን እስከ ሰባት ትውልዱ ሲረግም እንጂ ሲመርቅ የሰማው የለም። ምርቃቱን ሲጨርስ ክዳኑን በከዘራው መታ መታ አደረገና እንደ ሐኪም ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያም ከክዳኑ እስከ ቤቱ ግድግዳ፣ ከግድግዳው እስከ አጥሩ በእርምጃ ለካ። እናኑ መስኮቱን ድምፅ ሳታሰማ መለሰችው። ምርቃቱን በእርጅናው ልታሳብብለት ትችል ነበር፤ ልክ መውሰዱ ነው ያሠጋት።

ከአዲ አርቃይ የመጣው ትናንት ማታ ነው፤ በጭነት ማኪና ላይ፣ አንድ እንስራ ማርና አንድ ሙክት ይዞ። ባሏ ነጋ በሕይወት ሳለ የአሥመራን መንገድ ሲመላለስ አዲ አርቃይ ሲደርስ ማኪናውን አቁሞ ለወንድሙ ጨው ያራግፍለታል፣ ላምባ ያራግፍለታል፤ ከዚያ በኩል ወደ ጎንደር የመጣ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት እንኳ እናኑ አታስታውስም። ነጋ በጥር ሲሞት አያ ዳኛው ለለቅሶው ዘግይቶ፣ ለተዝካሩ ቀድሞ ደረሰ። አሁን ሙት ዓመቱ ሳይደርስ፣ ግንቦት ሊወጣ ሲል፣ ማንም ሳይጠራው ማር ይዞ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ እንስራውን እያሰበች ተገላበጠች። ማሩ ሸጋ ነበር፤ ነጭ፣ ሰፈፍ የሌለው። ይኸም ራሱ አስጠረጠራት። ተንኮል የሌለበት ዘመድ የሚያመጣው ማር ቢያንስ አንድ ሁለት ንብ አያጣውም።

ቤቱ ከፒያሳ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሁለት ክፍል፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ዙሪያውን የሚዞር በረንዳ፣ ከበስተኋላው ደግሞ በሰፈሩ ሌላ ማንም የሌለው ነገር፣ ሰንሰለቱን ሲስቡት ውሃ የሚያወርድ ሽንት ቤት። ነጋ ቤቱን ከአንድ አገር ከሚለቅ ግሪክ ሲገዛ እናኑ የብር ድሪዋን፣ ከናቷ የወረሰችውን አልቦ፣ የማጫዋን በሬ ሳይቀር ሸጣ ጨምራለች። ወረቀቱ ግን በሱ ስም ብቻ ወጣ፤ ያን ጊዜ የሁለት ሰው ስም ለመጻፍ ማን አስቦ። ነጋ በሽንት ቤቱ የነበረው ኩራት ወሰን አልነበረውም። እንግዳ ሲመጣ፣ ሰውየው ይምጣበት አይምጣበት፣ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሰንሰለቱን ያስስበዋል። የአድባራት አለቆች ስበውታል፤ አንድ ጊዜ የዛሪማ ሰው ውሃው ሲወርድ ደንግጦ በሩን ሳይከፍት ሊወጣ ሞክሯል። ነገር ግን ከጣሊያን ወዲህ ያን ጉድጓድ ከፍቶ ያየው የለም። ነጋ አመድ ሽታ ይገድላል ሲሉ ሰምቶ በየቅዳሜው አንድ እንቅብ ይጨምርበት ነበር፤ አመዱ ከታች እየረጋ፣ እየጠጠረ፣ ከፋሲካ ወዲህ መቀመጫው የሰጡትን ሁሉ ጎርጎር ብሎ ወደ ባለቤቱ ይመልስ ጀመር። እናኑ ለክረምቱ አስጠርገዋለሁ ስትል ሰነበተች። ልጅ የላት፣ ባል የላት፤ ያላት ነገር ቢኖር ይኸ ቤትና ይኸ ጉድጓድ ነው።

ቁርስ ላይ እንጀራውን በመካከላቸው አድርገው በሉ። አያ ዳኛው የበርበሬ ዋጋ አዲ አርቃይ ላይ እንዴት እንደ ናረ አወራ፤ እናኑም ፒያሳ ላይ የስኳር ዋጋ እንዴት እንደሆነ አወራች። ጣሪያውን አየ፤ እሷም እሱ ያየውን አየች። ግድግዳውን አየ፤ ተከትላው አየች። በመጨረሻ እጁን እየታጠበ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ ጉድጓዱ እንደ ሞላ፣ ሽታው ከመንገድ እንደተቀበለው፣ የነጋ ቤት ሸተተ ሲባል አጥንቱ ስለሚወቅሰው ዛሬውኑ በራሱ ወጪ እንደሚያስጠርገው ነገራት። እናኑ አይሆንም፣ እኔው አስጠርገዋለሁ፣ አንተ የመንገድ ድካም አለብህ አለችው።

«ምነው እናኑ፣» አለ ፈገግ ብሎ፤ «እኔ ቁሜ አንች እንዲህ ባለ ነገር ልትዋረጅ? ሴት አይደለሽ እንዴ? የቤቱን ሸክም ለኛ ተይው።»

«ለኛ» የምትለዋን ቃል እናኑ ደግማ ደጋግማ አገላበጠቻት። እኛ ማነው? ነጋ ሞቷል፤ አያ ዳኛው ብቻውን ነው የመጣው። ሰው ብቻውን ሆኖ «እኛ» ሲል ከኋላው ወይ ንጉሥ አለ ወይ ሙግት አለ።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ጎረቤቷ ወደ ሽታዬ ተሻገረች። ሽታዬ ሦስት ችሎት ተሟግታ ሦስቱንም የተረታች ሴት ስለሆነች በሰፈሩ ዘንድ እንደ ሕግ አዋቂ ትቆጠራለች። ጎንደር ደግሞ ሕግ የማያውቅ ሰው የሌለባት ከተማ ናት፤ እረኛው እንኳ በሬው የሰው ማሳ ሲገባ በሬውን ከመመለሱ በፊት ምስክር ይቆጥራል። እናኑ ነገሩን ስትነግራት ሽታዬ እያበጠረች ያለችውን ምስር ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። እሷም የጓሮ መሬቷን ያጣችው እንዲሁ ነው። ያጎቷ ልጅ መጥቶ «አጥርሽ ዘመመ» አለና በሰው ፊት አጠረላት፤ ዓመት ጠብቆ ደግሞ አጠረላት። በሦስተኛው ዓመት ችሎት ቆሞ «መሬቱ የኔ ነው፤ የኔ ባይሆን ምን አግብቶኝ አጥራለሁ?» አለ። ምስክሮቹ፣ አዎ፣ ሲያጥር አይተናል፣ እሷም አይታ ዝም ብላለች ብለው ማሉ። ችሎቱም ያለማ፣ ያደሰ፣ ሸክሙን የተሸከመ ባለቤት ነው ሲል ፈረደ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤» አለች ሽታዬ። «የኔ ልጅ፣ አጥሩን ቢነቀንቁት ይሻላል። አጥርሽን የሚጠግን ዘመድ ነው የሚያስፈራ። ብቻ አንድ ነገር ልብ በይ። ምስክር ጠርቶ እንደሆነ አለቀልሽ። ዝም እንዳትይ።»

እናኑ ወደ ፒያሳ የወረደችው እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል። ጉድጓድ ጠራጊው ዋኘው የጭልጋ ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከባንኩ ማዶ ካለው ግንብ ሥር ዶማውንና ባልዲውን ተደግፎ ሥራ ይጠብቃል። ቀድማ ከቀጠረችው፣ ቀጣሪዋ እሷ፣ ባለቤቷም እሷ ናት፤ አያ ዳኛው ጉድጓድ ላይ ቆሞ ሲመርቅ ቢውል ምን ገዷት። ግንቡ ሥር ስትደርስ ግን ዋኘው የለም። አጠገቡ የሚቀመጠው እንጨት ፈላጭ፣ አንድ ከዘራ የያዘ ባላገር ገና ሳይነጋጋ መጥቶ እንደወሰደው፣ ደግሞም ሰውየው ቸር እንደሆነ፣ ዋጋ ሳይከራከር እሺ እንዳለ ነገራት። እናኑ እዚያው ቆማ አሰበች። አያ ዳኛው ዋጋ ሳይከራከር። ለባሏ ተዝካር ጧፍ ሲገዛ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ጀንበር ያዘቀዘቀ ሰው ዋጋ ሳይከራከር።

ተመልሳ በሩን ስትገፋ የፈራችው ሁሉ ጓሮ ተቀምጦ ጠበቃት። ከሎሚው ዛፍ ሥር፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል፣ ከሳሎኗ የወጣው አግዳሚ ተዘርግቶ ግራዝማች ኃይለ ጊዮርጊስና መሪጌታ እንኳየሁ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ግራዝማች በሰፈሩ ያልዳኙት ጠብ፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ እሳቸው ያዩት ነገር ችሎት ፊት እንደ ማኅተም ነው። መሪጌታ ደግሞ ያዩትን ብቻ ሳይሆን ያላዩትንም በግዕዝ ስለሚመሰክሩ ከግራዝማች ይብሳሉ። አያ ዳኛው ሁለቱንም «ጠላ ቅመሱልኝ» ብሎ ነው የጠራቸው። ጠላው የእናኑ ነው። እናኑ እጅ ነሥታ ሰላምታ ሰጠች፤ በልቧ ግን፣ ሰው ለሠርግ ምስክር ይጠራል፣ ለብድር ምስክር ይጠራል፤ ሽንት ቤት ሲጠረግ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጦ የሚያሳይ ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው ትላለች።

ዋኘው ክዳኑን በድጅኖ ፈንቅሎ ወደ ጎን አንከባለለው። የወጣው ሽታ መሪጌታን ከአግዳሚው ብድግ አድርጎ መልሶ አስቀመጣቸው። ጉድጓዱ እንደ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ወፍራሙ በመጀመሪያው ይዘቅጣል፣ ውሃው ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ በድንጋዩ መካከል ወደ መሬት ይሰርጋል። የነጋ አመድ መተላለፊያውን እንደ ሲሚንቶ ደፍኖታል። ዋኘው ከአጥሩ ጥግ የሚቀብርበትን ጎድጓዳ ቦታ ጫር ጫር አድርጎ፣ ዙሪያውን አፈር ከተረና ባልዲውን በገመድ እያወረደ መቅዳት ጀመረ። መቅበሪያውን ኋላ ጠለቅ አድርጌ እምሰዋለሁ ብሎ ነው፤ ቀጣሪው ፈጥነህ ጀምር፣ ሽማግሎቹ ሳይሄዱ ጀምር እያለ አስቸኩሎታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ሁለት ዘመዳሞች በሰው ዓይነ ምድር ላይ እንዲህ ሲሻሙ አየሁ ብሎ አይስቅም ነበር፤ ያለቅስ ነበር። አያ ዳኛው ባልዲ በወጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለዋኘው ሳይሆን ለአግዳሚው፣ «በርታ፣ የዚህ ቤት ሸክም የኔ ነው፣ ወጪውም የኔ ነው» ይላል። እናኑ ደግሞ ከወዲያ በኩል መጥታ ዋኘውን ባልዲውን ወደዚህ ድፋው፣ ይኸ የኔ የጎመን መደብ ነው፣ የኔን ጎመን እንዳትረግጥ ትለዋለች። እሱ ወደ ግራ ሲል እሷ ወደ ቀኝ፤ ዋኘው ባልዲውን ይዞ በመካከላቸው እንደ ጽዋ ተሸካሚ ይንገላታል። ለዋኘው ምሳ ልታቀርብለት ብትገባ አያ ዳኛው ቀድሞ ከቡና ቤት ዳቦ አስመጥቶለታል። ጠላ ልትቀዳላቸው ብትመጣ አያ ዳኛው ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀብሎ፣ «ተይ፣ የቤቱ ጌታ ነው የሚቀዳ» ብሎ ራሱ ቀዳ። ይችኛዋን ሲናገር ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም፤ ግራዝማች ላይ ነበር። ግራዝማችም ራሳቸውን ነቀነቁ። እናኑ ያ ራስ ወደ ታች ሲወርድ የቤቷ ጣሪያ አብሮ ሲወርድ ተሰማት።

ቀጥሎ አያ ዳኛው ጋቢውን አውልቆ ሎሚው ላይ ሰቀለና የገመዱን ጫፍ ከዋኘው እጅ ተቀበለ። ሊጎትት ነው። በገዛ እጁ ሊጠርግ፣ በምስክር ፊት። እናኑ የሽታዬ የጓሮ መሬት፣ የተረታችባቸው ሦስት ችሎቶች፣ በዓይኗ ላይ ውል አሉባት። ባልዲው ከጉድጓዱ ወገብ ላይ ሲደርስ ሳታስበው እጇን አነሣች።

«በንጉሥ አምላክ» አለች። «በንጉሥ አምላክ፣ ይቁም።»

ባልዲው ባለበት ቆመ። አያ ዳኛውም ቆመ፤ ዋኘውም ለማንኛውም ብሎ ቆመ። የንጉሥ ስም የተጠራበት ሥራ ነገሩ ተሰምቶ እስኪለይ ድረስ አንዲት ስንዝር ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም፤ ይኸን የማያውቅ የለም። ገዳይ በዚህ ቃል ጦሩን አውርዷል፤ ሙሽራ ከበቅሎዋ ወርዳለች። ነገር ግን በሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ ሲጠራ ከዚያ በፊት የሰማ የለም። መሪጌታ ተጨነቁ። የንጉሥ ስም በእንዲህ ያለ ስፍራ መነሣቱ ነውር እንደሆነ፣ «ለኵሉ ጊዜ ቦቱ»፣ ለሁሉም ጊዜ አለው መባሉን፣ ጊዜ ካለው ደግሞ ቦታም እንደሚኖረው አስረዱ። ግራዝማች ግን ጺማቸውን ይዘው አሰቡና፣ ስም ከተጠራ ተጠራ ነው፣ ቦታው ስሙን አያሳንሰውም፣ ቤተ መንግሥትም ሽንት ቤት አለው አሉ። መሪጌታ ይኸን ሲሰሙ ሌላ የሰማ እንዳለ ዙሪያቸውን አዩ።

ዋኘው ከሁሉም የባሰ ችግር ላይ ነበር። «ጌቶቼ፣» አለ፤ «ባልዲውን ላውጣው ወይስ ልመልሰው?» ግራዝማች ቢያወጣው ሥራውን መቀጠል፣ ቢመልሰውም ሥራ መሥራት እንደሚሆን ነገሩት። ስለዚህ ገመዱን ከአያ ዳኛው ተቀብሎ ከሎሚው ግንድ ጋር አሰረና ባልዲው በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሄዶ አጥር ሥር ተቀመጠ። የወጣው ሁሉ ባልተቀበረው ጥግ እንደ ተከመረ ቀረ። አካፋ ማንሳትም ሥራ ነው።

እንግዲህ ሙግቱ እዚያው አግዳሚው ሥር ተጀመረ። ግራዝማች አያ ዳኛውን፣ በምን መብትህ ታስጠርጋለህ ሲሉ ጠየቁት። አያ ዳኛው ይኸን ጥያቄ ከአዲ አርቃይ ጀምሮ ሲጠብቀው የመጣ ይመስላል። ቆሞ ከዘራውን ተደግፎ፣ ነጋ ማኪና መንዳት ሲማር ያባታቸው ከብት መሸጡን፣ ቤቱ የዚያ ከብት ልጅ መሆኑን፣ ሟች ዘር ስላልተካ ሥጋው ወንድሙ መሆኑን፣ እናኑ ግን ደግ ሴት ስለሆነች እስከምታገባ ድረስ በአንዱ ክፍል እንድትቀመጥ እንደሚፈቅድላት በለሰለሰ ድምፅ አስረዳ። እስከምታገባ ድረስ። እናኑ ስለ ድሪዋ፣ ስለ አልቦዋ፣ ስለ በሬዋ ተናገረች። ግራዝማች ምስክር አለሽ ወይ አሏት። ድሪውን የገዛት አንጥረኛ ሞቷል፤ በሬዋንም ወልቃይት የወረደ ነጋዴ ነው የነዳው። ነጋ ያውቅ ነበር፤ ነጋ ደግሞ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተኝቷል። ግራዝማች ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ደግሞ የሰውየውን ጠላ ሲጠጡ ውለዋል፤ ጠላው የማን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ሸክም የተሸከመ፣ ወጪ ያወጣ ሰው ባለቤትነት ይኖረዋል፤ እኛም ዛሬ እሱ ሲያስጠርግ አይተናል፤ ያላየነውን አየን አንልም ብለው ጀመሩ። እናኑ ቀጥሎ የሚመጣውን ላለመስማት ወደ ሰማይ አየች። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር።

የግንቦት ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። መጀመሪያ ጠብ አለ፤ ቀጥሎ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ በኩል እየጮኸ መጣ። ሽማግሎቹ ወደ በረንዳው ሮጡ፤ አያ ዳኛው ጋቢውን ከሎሚው አንሥቶ ተከተለ። ዋኘው ከተራው ሊፈርስ ነው፣ አፈር ልጨምርበት ብሎ ተጣራ። ግራዝማች ከበረንዳው ሆነው በንጉሥ ስም የቆመው ሥራ ገና እንዳልተፈቀደ አስታወሱት። እናም አምስቱም፣ ሽታዬም በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ከተራው በአንድ በኩል ሲሸረሸር፣ ክምሩ ሲንሸራተት፣ የነጋ አመድና የስንት ዘመን እንግዳ በረከት በአጥሩ ሥር ሾልኮ ዳገቱን ወደ ፒያሳ ሲወርድ፣ እጃቸውን አጣጥፈው በሕግ አክባሪነት ተመለከቱ።

ዝናቡ ቶሎ አባራ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳና አስር አለቃ ስማቸው ገባ። ፖሊሱ ባርኔጣው ንጹሕ፣ ኮቱ ንጹሕ ነው፤ ከጉልበቱ በታች ያለውን ግን ሁሉም አይተው ዓይናቸውን መለሱ። ጫማውን ደረጃው ላይ እየጠረገ፣ እዚያ ታች ቡና ቤቱ በር ላይ ወንበሮች መበላሸታቸውን፣ አንድ ነጋዴ ከነነጭ ሱሪው መውደቁን፣ እድፍ ወደ መንገድ የሚለቅ ሰው እንደሚታሰር በነጋሪት ሲነገር መክረሙን ተናገረ። ከዚያ ቀና አለ።

«የዚህ ጉድጓድ ባለቤት ማነው? ከኔ ጋር ወደ ጣቢያ ይሄዳል።»

 ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ግራዝማች ወደ አያ ዳኛው ዞሩ፤ መሪጌታም ዞሩ፤ የዞሩት ያለ ክፋት ነው፣ ሲሰሙት የዋሉት ድምፅ እንዲመልስ ጠብቀው ነው። አያ ዳኛው ጋቢውን ወደ አገጩ ሳበ። ከዘራውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ። እናኑም ፈራች፤ ከዘሯ ጣቢያ የገባ የለም፤ ሴት ልጅ በፖሊስ ተነድታ ስትሄድ ከተማ ምን እንደሚል ታውቃለች። አፏን ልትከፍት ነበር፣ ግን ጠበቀች። ቀኑን ሙሉ ያልተለያት ጥርጣሬ አሁን እጇን ይዞ ትንሽ ቆዪ አላት።

«እኔ እንኳ፣» አለ አያ ዳኛው፣ «የአዲ አርቃይ ሰው ነኝ። እንግዳ ነኝ። ትንሽ ማር ላደርስ ነው የመጣሁ።»

እናኑ ወደ ሽማግሎቹ ሄደች፤ ቀስ ብላ፣ እርጥቡ ደረጃ እንዳያንሸራትታት ተጠንቅቃ። «ግራዝማች፣ ሰምተዋል?» አለች። ግራዝማች ሰምቻለሁ አሉ። «መሪጌታስ?» መሪጌታ ሰማሁ አሉ፤ ለዚህስ ግዕዝ አላስፈለጋቸውም። ሽታዬ ሳትጠየቅ ከአጥሩ ላይ እኔም ሰምቻለሁ፣ ካፍ የወጣ አፋፍ አለች። ያን ጊዜ እናኑ ወደ ፖሊሱ ዞረች።

«የኔ ነው፣ አስር አለቃ። ጉድጓዱም የኔ ነው፤ ቤቱም የኔ ነው።»

«ስለ ቤቱ አልጠየቅሁም።»

«ጉድጓድ ያለ ቤት አይማስም። ሁለቱንም መዝገብ ላይ ያስገቡልኝ።»

አያ ዳኛው ነገሩ ወዴት እንደሄደ የገባው ይኸን ጊዜ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብሎ፣ ቆይ እንጅ አስር አለቃ፣ እንግዳ ነኝ ስል እንዲያው ለነገሩ ያህል እንጂ፣ የወንድሜ ቤት እኮ እንደኔ ቤት ነው፣ እንዲያውም ማለት ጀመረ። ፖሊሱ ጫማውን ደግሞ አየና፣ እንግዲያውስ እርስዎም ባለቤት ከሆኑ አብረው ይምጡ፣ ጣቢያው ይበቃችኋል አለው። አያ ዳኛው የወሰዳትን እርምጃ መለሳት። ግራዝማች የመለሳትን እርምጃ በዓይናቸው ተከትለው ካዩ በኋላ፣ ነገሩ ተለይቷልና ባልዲው ይውጣ ብለው ፈረዱ። ዋኘው ያን የመሰለ ፍርድ ሰምቶ አያውቅም፤ ገመዱን እየፈታ እግዜር ይስጥልኝ አለ።

እናኑ ወደ ውስጥ ገብታ የቅዳሴ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ዋኘውን መቅበሪያውን ጠለቅ አድርጎ እንዲምስ፣ ክዳኑን ሳይገጥም እንዳይሄድ፣ የመተላለፊያውንም አመድ እንዲያስለቅቅ አዘዘችው፤ የሚያዘው ሌላ ድምፅ አልተሰማም። ሽታዬን ደግሞ ለአያ ዳኛው ራቱን እንድታቀርብለት ለመነቻት፤ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ጦሙን አያድርም አለች። አያ ዳኛው እንስራውን እያየ ተቀምጦ ነበር።

በሩን ሲወጡ አስር አለቃ ስማቸው እንደ ጨዋ ልጅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሴት ናት፣ ሐዘን ላይ ናት፤ በፒያሳ መካከል ከሚነዳት ከግንቡ በስተጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ቢወስዳት ሰው አያያትም፣ እሱም አይቸኩልም። እናኑ አመሰገነችው። ከዚያ በፒያሳ በኩል ነው የምሄደው ብላ ቀድማው ዳገቱን መውረድ ጀመረች።

ዝናቡ ያጠበው መንገድ ሰው ወጥቶበታል። ቡና ቤቱ በር ላይ ወንበር የሚያጥቡት ሰዎች ቀና አሉ፤ ፖሊሱንና ሴትየዋን አይተው፣ አንዲቱ፣ ምነው እናኑ፣ ምን አግኝቶሽ ነው አለቻት። እናኑ ቆመች። በሽንት ቤት ጉድጓዴ ነው የታሰርኩ፣ የዚያ የዳገቱ ቤት ጉድጓድ፣ የኔ ስለሆነ ነው አለች፤ ባንኩ በር ላይ ያለው ዘበኛ እንዲሰማም ድምፏን ከፍ አደረገች። ከጫማ ጠራጊዎቹ ፊት ደግማ ተናገረችው። እንጨት ፈላጩ ሳይጠይቃት ነገረችው። አስር አለቃ ስማቸው ፊቱ እየቀላ፣ እባክሽ እንፍጠን ይላል፤ እሷ ግን ሰላምታ የሰጣትን ሁሉ እጅ እየነሣች፣ እንደ ጥምቀት ዑደት ቀስ ብላ ትራመዳለች። ጣቢያው ሊታይ ሲል ከልብስ ሰፊው ከምትኩ ሱቅ ፊት ደረሱ። ምትኩ የስፌት ማኪናውን እያንቀጠቀጠ አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል፤ አላያትም፣ አልሰማትም።

እናኑ የፖሊሱን ክንድ ነካ አደረገች። «አስር አለቃ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝማ፤» አለችው። «ያ ሰው አልሰማም።» ነጠላዋን አስተካክላም ወደ ሱቁ ገባች።